የሰባው ጥጃ በአሚሻቭ

የሌላ ሰው ልጅ የሚያርሙ ጎረቤቶች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የሚቆነጥጡና ታሪክ የሚነግሩ። ከሁለቱ የሚቆነጥጡት ይሻላሉ። ቁንጥጫ እንባው ሳይደርቅ ይረሳል። ታሪክ ግን ልጁን ተከትሎ አልጋው ድረስ ይገባል፣ ጧት አብሮት ይነሣል፣ ከዚያም ባልታሰበ ቀን ባልታሰበ ሰው ፊት ከአፉ ይወጣል። እንዲህ ያለ ታሪክ ነጋሪ የሌለበት ሰፈር የለም። በእናንተም ሰፈር አሉ፤ ካላወቃችኋቸው ልጆቻችሁን ጠይቁ።

የእኛዋ እትዬ እንጉዳይ ነበሩ። መምህረ ሕፃናት፣ የሦስተኛው ፎቅ ሊቅ፣ የአሚሻቭ ደረጃዎች ሁሉ ዳኛ። ማዕረጎቹን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። እሳቸው ራሳቸውን የሚጠሩት «ፊደል ጀምራ ያልጨረሰች» እያሉ ነው። አጭርና ቀጭን ናቸው። ልጅ አልወለዱም፤ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል ከጎንደር በሱዳን አድርገን ከኢየሩሳሌም ወዲህ ያለችው ፔታ ቲክቫ ከተማ፣ አሚሻቭ ሰፈር የገባን ይሁዲዎችን ልጆች ሁሉ በድርሻቸው የያዟቸው።

ልጅ ሲዋሽ ወይም የእህቱን ጸጉር ሲጎትት አይጮኹም። ባሉበት ደረጃ ላይ ቁጭ ይላሉ፣ ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ሥር ይሰበስባሉ፣ ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «እንዲህ ያደረገ አንድ ሰው ነበር» ይላሉ። ማምለጥ የሚችል ልጅ በዚህች ሰዓት ያመልጣል። ያላመለጠው ከኖኅ መርከብ ወይም ከዮናስ ዓሣ ሳይገባ ወደ ቤቱ አይመለስም። እናቱ «ኧረ እትዬ፣ ለአንድ ብስኩት ይህ ሁሉ?» ብትል መልሳቸው አንድ ነው፦

«መጽሐፉ ነው ያለው፤ እኔ አይደለሁም።»

አንድ ዓርብ ልጆቹን ሰብስበው የሕንፃውን ደረጃ አስጠረጓቸው። ለሚጠርግ ሁሉ አንዳንድ ክሬምቦ ቃል ገብተው ነበር። ክሬምቦ ማለት ክረምት ላይ ብቻ የሚሸጥ፣ ቸኮሌት የለበሰ አረፋ ነው፤ የዚህ አገር ልጅ ለእሱ ሲል ደረጃ ቀርቶ ተራራ ይጠርጋል። የጎረቤታችን የደጊቱ ልጅ ሽሙኤል፣ አምስት ዓመቱ ነው፣ አንዲት ደረጃ ስትቀር መጣ። እሷን ጠርጎ እንደ ሌሎቹ እኩል አንድ ክሬምቦ ተቀበለ። ጩኸት ሆነ።

«እኛ ከጧት ጀምረን! እሱ አሁን!»

እትዬ እንጉዳይ ቁጭ አሉ። «እንዲህ ያደረገ አንድ ባለ ወይን ነበር። ጧት የመጣውንም ማታ የመጣውንም እኩል ከፈለ። ክፉ ሆኖ ነው? ደግ ሆኖ እንጂ።»

ከዚያ ወዲህ ያ ደረጃ በልጅ እጅ ተጠርጎ አያውቅም። ሁሉም የመጨረሻዋን ደረጃ ይጠብቃል።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ልጆቹ ወድቆ የሚያለቅስ ጓደኛቸውን ተራምደው ሲያልፉ አገኟቸውና፣ ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴ ደብድቦ ስለጣለው መንገደኛ ነገሯቸው። ትልልቆቹ ሰዎች አይተውት አለፉ፤ ማንም የማይወደው ሳምራዊ ግን ቁስሉ ላይ ዘይት አፍስሶ፣ በአህያው ጭኖ ወሰደው። በማግሥቱ ጎረቤታችን አቶ ዳኛው፣ ከፋብሪካ የሌሊት ሥራ ገብተው አግዳሚ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ሳለ፣ ልጆቹ የሚያፈሱባቸው ዘይት ቀሰቀሳቸው። አንድ ጠርሙስ የሱፍ ዘይት፣ ከአናታቸው ጀምሮ። ስምንት ልጆች ደግሞ እግርና እጃቸውን ይዘው ወደ አንድ የገበያ ጋሪ ይጎትቷቸው ነበር።

«እንጉዳይ!» አሉ አቶ ዳኛው ዘይቱ ከቅንድባቸው እየተንጠባጠበ። «ልጆቹን ምንድን ነው የምታስተምሪያቸው?»

«ደግነት።»

«ደግነት በዘይት ነው እንዴ?»

«መጽሐፉ ነው ያለው፤ እኔ አይደለሁም። ደግሞስ ማነው እንደ ሬሳ ተዘርጋ ያለህ?»

የታሪኮቻቸው ሁሉ ዘውድ ግን የጠፋው ልጅ ነበር። አባቱን ጥሎ የሄደው፣ ያለውን በልቶ ጨርሶ አሳማ ጠባቂ የሆነው፣ አፍሮ ሲመለስ አባቱ ገና ከሩቅ አይቶት የሮጠለት። እትዬ እንጉዳይ «ሮጠ» ሲሉ ራሳቸው ብድግ ይላሉ። «ሽማግሌ ሰው! ልብሱን ሰብስቦ! ሮጠ!» ከዚያ የሰባው ጥጃ ይታረዳል። ጥጃው ላይ ሲደርሱ ልጆቹ ሁልጊዜ ያጨበጭባሉ። በመጨረሻ ታላቅ ወንድሙ ከደጅ ቆሞ «አልገባም» ይላል።

«ኋላ ገባ?» ይላል ሽሙኤል፣ በየጊዜው።

«እሱን መጽሐፉ አልነገረንም። በሩ ግን አልተዘጋም።»

አሁን እኔ ማን እንደሆንሁ መናገር አለብኝ። ሁለተኛ ፎቅ ነበርሁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት ቅኔና ግጥም ተምሬያለሁ፤ በአሚሻቭ የግጥም ሥራ ስላልነበረ ለጎረቤቶቼ ከዒሪያ፣ ማለትም ከማዘጋጃ ቤቱ፣ የሚመጣውን ደብዳቤ አነብ ነበር። ቅኔ የተማረ ሰው ደግሞ፣ እምነቱ ሌላም ቢሆን፣ ወንጌልን ሳያገላብጥ አያልፍም። ስለዚህ ባለ ወይኑም፣ የኢያሪኮው መንገደኛም፣ የጠፋው ልጅም ከእኛ ኦሪት እንዳልወጡ ከመጀመሪያው ቀን አውቅ ነበር። የክርስቲያኖቹ ናቸው። ዓይን አፋር ሰው ግን እውቀቱን እንደ ተቀደደ ካልሲ ይደብቃል።

እትዬ እንጉዳይ አያውቁም ነበር። እንዴት እንደማያውቁ የገባኝ አንድ ቀን ልብስ ስናሰጣ ነው። በልጅነታቸው አባታቸው ለፊደልና ለሳሙና ብለው ሁለት ዓመት ሚሲዮን ትምህርት ቤት ልከዋቸው ኖሯል። መምህሩ በካርቶን የተለጠፈ ሥዕል እያወጣ ያስተምር ነበር። ሥዕሎቹ ሁሉ የሚቀመጡት በአንድ ከረጢት ነው፤ እጁን ሰድዶ የመጣለትን ያወጣል። ዛሬ ኖኅ፣ ነገ የጠፋው በግ፣ ከነገ ወዲያ ዮሴፍ። የሰውየው ስም የሌለበት ታሪክ ደግሞ «አንድ ሰው» ነው፤ አንድ ሰው የማንም ሊሆን ይችላል። እትዬ እንጉዳይ ሳሙናውን ጨርሰው፣ ፊደሉን ረስተው፣ ከረጢቱን እንዳለ ይዘው ሱዳንን አቋረጡ።

ይህ ሁሉ የሆነበት ዓመት ደግሞ ለእንዲህ ዓይነት ከረጢት የሚመች አልነበረም። ከጥቂት ወራት በፊት ሽማግሌዎቻችን ኢየሩሳሌም፣ ከረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት፣ አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ነበር። ረቢዎቹ ይሁዲነታችን እንዲጸና ውሃ ውስጥ ገብታችሁ ውጡ ብለውን፣ ሽማግሌዎቹ «ያላደፈ አይታጠብም» ብለው። እትዬ እንጉዳይም ሄደው ተቀምጠዋል። እዚያ ለቆመ አንድ ወጣት ፖሊስ ከደጅ ስለቆመው ታላቅ ወንድም በአማርኛ፣ ከነእጅ ምልክቱ፣ ሙሉውን ነገሩት። ፖሊሱ አንድ ቃል ሳይገባው የሚጠጣ ውሃ አመጣላቸው። ሲመለሱ ለሽሙኤል፣ «ታላቅየው አንድ እግሩን አስገብቷል» አሉት።

በዚሁ ዓመት ነው መዋዕለ ሕፃናት የተቀጠሩት። ከፋብሪካ ጽዳት ወጥተው፣ በሰፈሩ ሃይማኖተኛ መዋዕለ ሕፃናት የመምህርቷ የኤስቴር ረዳት ሆኑ። የተሰጣቸው ሽርጥ ሰማያዊ ነበር፤ ሰንበት ብቻ ያወልቁታል። ከሃያው ልጆች ሰባቱ የእኛ ነበሩና ኤስቴር ወደደቻቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ተቆጣች፤ ሽሙኤል ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቆ ሲጠፋ፣ እትዬ እንጉዳይ አሥራ ዘጠኙን ልጆች ግቢ ጥለው አንዱን ፍለጋ የሄዱ ዕለት። ምን ብለው እንደመለሱላት መገመት ትችላላችሁ። ኤስቴር ሐረጉን በአማርኛ ተማረችው።

ከዚያ ያ ዓርብ መጣ። ወላጆች ተጋብዘው ልጆቹ በየተራ ከኦሪት አንዳንድ ታሪክ ይናገራሉ። እኔ ለእናቶቹ እንዳስተረጉም ተጠርቼ ጥግ ይዣለሁ። ከኋላ የመዋዕለ ሕፃናቱ ተቆጣጣሪ፣ ጸጉራቸውን በሻሽ የሸፈኑ ሴት፣ ደብተራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሽሙኤል ተነሣና በጠራ ዕብራይስጥ የጠፋውን ልጅ ጀመረ። ኤስቴር ፈገግ ብላ ታዳምጥ ነበር። አሳማዎቹ ሲመጡ የተቆጣጣሪዋ ብዕር ቆመ። አባትየው ሲሮጥ ኤስቴር እንባዋን ጠረገች። ተቆጣጣሪዋ ግን ታሪኩን የት እንዳነበቡት እያስታወሱ ነበር፤ ከፊታቸው ይታያል።

«ማነው የነገረህ?» አሉት ሲጨርስ።

«እትዬ እንጉዳይ!» አለ ሽሙኤል በኩራት።

እሑድ፣ እዚህ አገር የሥራ ቀን ነው፣ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ተቆጣጣሪዋ፣ ኤስቴር፣ እትዬ እንጉዳይና እኔ ተሰበሰብን። በመዋዕለ ሕፃናት ያለው ወንበር የልጅ ወንበር ብቻ ስለሆነ አራት ትልልቅ ሴቶች ጉልበታችን አገጫችንን እየነካ በክብ ተቀመጥን። እትዬ እንጉዳይ በሽርጡ ላይ ነጠላ ደርበው መጥተዋል። ሊያመሰግኗቸው የተጠሩ መስሏቸዋል።

«ይህን ታሪክ ከየት አመጡት?» አሉኝ ተቆጣጣሪዋ በዕብራይስጥ። ተረጎምሁ።

«ከመጽሐፉ ነዋ!»

«ከየትኛው መጽሐፍ?»

እትዬ እንጉዳይ በሐዘኔታ አዩአቸው። «ምነው? ሃይማኖት ያላቸው ሴት መስለውኝ። ስንት መጽሐፍ አለና?»

ይህን አልተረጎምሁም።

«የት ነው የተማሩት?» አሉ ተቆጣጣሪዋ።

እትዬ እንጉዳይ ስለ ውሸት ብቻ አምስት ታሪክ ያውቃሉ፤ ስለዚህ አይዋሹም። «አባቴ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰደደኝ፤ እዚያ ነው።»

ቃሉ እኔን አልጠበቀም። ሚሲዮን በዕብራይስጥም ሚሲዮን ነው። ኤስቴር ዓይኗን ጨፈነች። ተቆጣጣሪዋ የብዕራቸውን ክዳን ገጠሙና፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ ለኤስቴር፣ «ከልጆች ጋር ሊሠሩ አይችሉም» አሏት።

«ምን አሉ?» አሉኝ እትዬ እንጉዳይ። «ዘሪቱ፣ ምን አሉ?»

«ታሪኩ የእኛ አይደለም ይላሉ። የክርስቲያኖቹ ነው። ከእንግዲህ... እዚህ አይሠሩም ይላሉ።»

«የቱ? የልጁ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ኢያሪኮስ?»

«እሱም።»

«ባለ ወይኑ?»

«እሱም።»

ወደ እኔ ዞሩና፣ «አንቺ ታውቂ ነበር?» አሉኝ።

«አውቅ ነበር።»

«ይህን ያህል ጊዜ! እንደ ሞኝ ስለፈልፍ እየሰማሽ!»

ከዚያ ካወቅኋቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነግሩት ታሪክ አጡ። የሽርጡን ኪስ በመዳፋቸው ሲያስተካክሉ ቆዩ። «እንዲያ ሲሮጥ» አሉ በመጨረሻ፣ ለእኔም ለማንም ሳይሆን፣ «የእኛ ሰው ነው የመሰለኝ።»

ኤስቴር በክርኗ ነካችኝ። «ያላ፣ ተነሺ፣ ዘሪቱ። አንድ ነገር በይ።»

እኔ በኡልፓን፣ በዕብራይስጥ ትምህርቱ፣ ስሜን ስጠየቅ ላብ የሚያጠምቀኝ ሰው ነኝ። ለምን እንደተነሣሁ ዛሬም አላውቅም። ከመደርደሪያው ትልቁን መጽሐፍ አውርጄ፣ ዔሳው፣ ጥሎት የሸሸው ወንድሙ ያዕቆብ ሲመለስ፣ ሮጦ አንገቱ ላይ የተጠመጠመበትን ቦታ ገልጬ ተቆጣጣሪዋ ጉልበት ላይ አስቀመጥሁት።

«ሩጫው ይኸው» አልሁ።

«ይህ ወንድም ነው» አሉ ተቆጣጣሪዋ። «ሽሙኤል የተናገረው ስለ አባት ነው።»

«የአምስት ዓመት ልጅ ነው፤ ይቀላቅላል።»

«አሳማዎቹስ?»

«አሳማዎቹ» አልሁ፣ «ይወጣሉ።»

ኢያሪኮንም ፈለግሁላቸው። በዜና መዋዕል የሰማርያ ሰዎች የማረኳቸውን ወንድሞቻቸውን አልብሰው፣ ዘይት ቀብተው፣ የደከሙትን በአህያ ጭነው ኢያሪኮ ያደረሱበት አለ። ተቆጣጣሪዋ አነበቡት። ተመልሰው እንደገና አነበቡት።

«ይህን ቦታ ረስቼው ነበር» አሉ ዝግ ብለው።

«ምን ይላል?» አሉኝ እትዬ እንጉዳይ።

«አህያውም ዘይቱም አለ ይላል።»

«አላልሁሽም? መጽሐፉ ነው ያለው!»

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። እትዬ እንጉዳይ ይቆያሉ። የሚነግሩት ታሪክ ግን ሁሉ አስቀድሞ በየሐሙሱ ከነምዕራፉ ተጽፎ፣ በእኔ ተፈርሞ ይቀርባል። «ከወረቀቱ የወጣ አንድ ነገር ከሰማሁ ግን...» አሉ ተቆጣጣሪዋና አልጨረሱትም። «በሰደር» አልን ሦስታችንም፣ እሺ ለማለት።

እንዲህ ሆኜ የታሪክ ጸሐፊ ሆንሁ። ለጠፋው በግ ከነቢዩ ሕዝቅኤል እረኛ አገኘሁለት። ለባለ ወይኑ፣ ዳዊት ጓዝ ለጠበቁትና ለተዋጉት እኩል ያካፈለበትን ሰጠሁት። እኛ እምቢ ብለን አንድ ወር ደጅ የተቀመጥንበት ውሃ ውስጥ፣ የእትዬ እንጉዳይ ታሪኮች አንድ በአንድ ገብተው ወጡ፤ ንጹሕ ወረቀት ይዘው። አሳማዎቹ ብቻ ምንም ብደክምላቸው ማስረጃ አጡና ተባረሩ።

እትዬ እንጉዳይ ታዛዥ ሆኑ። ያ ነበር የሚያሳዝነው። ታሪክ ከመጀመራቸው በፊት፣ «ይኸኛው ወረቀት አለው?» ይላሉ። ደረጃ ላይ እንኳ፣ ማንም በማይቆጣጠርበት፣ ልጅ ሲዋሽ አይተው ቁጭ ይሉና ያመነታሉ። ልጆቹ መሸሽ አቆሙ። አቶ ዳኛው ራሳቸው፣ «ሴትዮዋ ታመመች እንዴ? ሦስት ሳምንት በሰላም ተኛሁ» አሉ። ሲሉት ደስ ያላቸው አይመስሉም።

በአምስተኛው ሳምንት፣ ዓርብ፣ ተቆጣጣሪዋ ሳይጠሩ መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። የሐሙሱ ወረቀት እጃቸው ላይ ነው፤ እኔም እንደ ልማዴ ጥግ ይዣለሁ። የዕለቱ ታሪክ ያዕቆብና ዔሳው፣ ምዕራፍ ሠላሳ ሦስት። እትዬ እንጉዳይ በዚያ ግማሽ አማርኛ ግማሽ ዕብራይስጥ በሆነ ቋንቋቸው ቃል ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ተናገሩ። ዔሳው ሮጠ፤ እሳቸው ግን አልተነሡም። አቀፈው። አለቀሱ። አበቃ።

ልጆቹ አላጨበጨቡም። ይጠብቁ ነበር።

«ጥጃውስ?» አለ ሽሙኤል።

«ጥጃው!» አሉ ሌሎቹ። «ጥጃው! ጥጃው!»

እትዬ እንጉዳይ ከሕፃናቱ ራስ በላይ ወደ እኔ አዩ። ወረቀት አለው? የለውም፤ አልጻፍሁትም ነበር። ሽርጣቸውን ሳብ አደረጉ፤ የሚያወልቁት መሰለኝ። ከዚያ ሽሙኤልን አዩት።

«ሰው መጥቶማ» አሉ፣ «እንዴት ዝም ተብሎ ይገባል?» ብድግ አሉ። «ዔሳው በረት ሮጠ! የሰባውን ጥጃ አመጣና አረደ!»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ተቆጣጣሪዋ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ፈለጉት፤ ገልብጠውም አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጥጃ አለ?»

«አለ» አልሁ። «ዘፍጥረት አሥራ ስምንት።»

እውነት ነው፤ ጥጃው እዚያ አለ። የታረደው ከዔሳው አሥራ አምስት ምዕራፍ ቀድሞ፣ በአብርሃም በረት፣ ለሌሎች እንግዶች መሆኑን ብቻ አላነሣሁም። ተቆጣጣሪዋ ምዕራፉን ያውቁታል፤ ከሁላችንም በላይ ያውቁታል። የብዕራቸውን ክዳን ከፈቱ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

እትዬ እንጉዳይ ገና ቆመዋል፣ ሁለት እጃቸውን ጥጃ እንዳቀፈ ሰው ዘርግተው። እኔ ድምፄ ከሦስተኛ ሰው አልፎ የማይሰማው ሴት፣ ሃያ ሕፃናትና ሁለት አስተማሪዎች እስኪሰሙኝ ድረስ፦

«መጽሐፉ ነው ያለው» አልኋቸው፤ «እኔ አይደለሁም።»